ደጋግሞ የሚቃጠል ሞተር፦ የስኖውሞቢል ፒስተን በተቀየረ ማግስት ለምን ይቀልጣል?

ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል። ሲፈታ አንደኛው ፒስተን ቀልጦ ይገኛል። አዲስ ፒስተን ይገዛል፣ ሲሊንደሩ ይታደሳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ሞተሩም እንደ አዲስ ተነሥቶ ይሄዳል። ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ ግን ያው ሲሊንደር በዚያው መንገድ ዳግም ይቃጠላል። ባለቤቱ የመለዋወጫውን ጥራት ይጠራጠራል፤ መካኒኩ አነዳዱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ከሁለቱም ሌላ ነው።

በበረዶ ላይ የሚሄደው ስኖውሞቢል ሞተሩ ሲደጋግም የሚቃጠለው፣ በአብዛኛው በመጀመሪያው ጥገና የተሰበረው ዕቃ ተተክቶ የሰበረው ነገር ሳይገኝ በመቅረቱ ነው። የቀለጠ ፒስተን በሽታው ራሱ አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። ምልክቱን ብቻ ያከመ ጥገና ደግሞ ሁለተኛውን ስብራት ቀጥሮ ይለያል።

ይህ ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚመራ የነዳጅ መርጫ የሚሠሩ ባለ ሁለት ምት የስኖውሞቢል ሞተሮች ለምን ደጋግመው እንደሚበላሹና መንስኤው በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ ያብራራል።

በበረዶ መካከል መቆም

ስኖውሞቢል ከፊት በሁለት መንሸራተቻዎች የሚመራ፣ ከኋላ ደግሞ በሚሽከረከር ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት የሚገፋ ቀላል ተሽከርካሪ ነው። ታሪኩ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። በካናዳዋ የኩቤክ ግዛት፣ በቫልኩር ከተማ ጋራዥ የነበራቸው ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ እ.አ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጃቸውን አጡ። ሕፃኑ አስቸኳይ ሕክምና ቢያስፈልገውም መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል ሊያደርሱት አልቻሉም። ቦምባርዲዬ እ.አ.አ. በ1937 ሰባት ሰው የሚይዝ የበረዶ ተሽከርካሪ ሠሩ፤ እ.አ.አ. በ1959 ደግሞ ስኪ ዱ የተባለውን አነስተኛ ስኖውሞቢል ለገበያ አቀረቡ።

ዛሬ ስኖውሞቢል ለብዙዎች የክረምት መዝናኛ ነው። ለሌሎች ግን የኑሮ መሣሪያ ነው። በሰሜን ካናዳ በምትገኘው የኑናቩት ግዛት 25ቱን ማኅበረሰቦች እርስ በርስ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ የኢኑዊት አዳኞች በክረምት ከመንደር ወደ መንደርና ወደ ባሕሩ በረዶ የሚወጡት በስኖውሞቢል ነው። በሰሜን ፊንላንድ፣ ስዊድንና ኖርዌይ የሚኖሩት የሳሚ አርቢዎችም የአጋዘን መንጋቸውን የሚከተሉት በዚሁ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፐርቲ ፔልቶ እ.አ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስኖውሞቢል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአጋዘን ተንሸራታች ጋሪን ተክቶ የአርቢዎቹን ኑሮ በነዳጅና በመለዋወጫ ወጪ ላይ ጥገኛ እንዳደረገው አሳይተዋል።

ይህ ጥገኝነት ሞተር ሲቃጠል ይታያል። የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት፣ ከመንደር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሞተር የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። የቀኑ ብርሃን ጥቂት ሰዓት በሆነበት ወቅት በእግር መመለስ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ተሽከርካሪው ለአማርኛ አንባቢም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ፖላሪስና አርክቲክ ካት የተባሉት ሁለት ስመ ጥር የስኖውሞቢል አምራቾች የተወለዱባት ግዛት ናት። የሞተሩ መሠረታዊ አሠራርም ቢሆን በቪክቶሪያ ሐይቅና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ከሚጠቀሙባቸው ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተሮች ጋር አንድ ነው።

ነዳጅ የሚያቃጥል ብቻ ሳይሆን የሚያበርድም ነው

በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ኃይል የሚያመነጨው ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ያቃጥላል። በደቂቃ 8 ሺህ ዙር የሚሽከረከር ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደሩ በሴኮንድ ከ130 ጊዜ በላይ ይቃጠላል ማለት ነው። ፒስተኑ በሁለት ቃጠሎዎች መካከል የሚያርፍበት ጊዜ የለውም።

ፒስተን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ሙቀት ግን ከ2 ሺህ ዲግሪ ያልፋል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ሙቀቱን ያለማቋረጥ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚያስተላልፍና በየዙሩ የሚገባው ቀዝቃዛ ነዳጅ ስለሚያበርደው ነው። ነዳጁ በዚህ ሞተር ውስጥ ኃይል ከመስጠት ሌላ የማብረድ ሥራም አለው። በነዳጁ ጎን የሚገባው ዘይት ደግሞ ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ከታች የሚጠራቀም ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ገብቶ፣ አለስልሶ፣ ተቃጥሎ ይወጣል።

ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 1 ኪሎ ግራም ነዳጅ 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። በሙሉ ኃይል የሚሠራ ሞተር ግን ለመብረድ ሲል ከዚህ የበለጠ ነዳጅ ይሰጠዋል። የነዳጁ ድርሻ ሲያንስ፣ ማለትም ድብልቁ ሲሳሳ፣ ቃጠሎው ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ያልተቃጠለው ድብልቅ እሳቱ እስኪደርስበት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች ዲቶኔሽን የሚሉት ይህ ክስተት ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል። በሙሉ ፍጥነት ላይ ጥፋቱ በሴኮንዶች ውስጥ ሊፈጸም ይችላል።

ቅዝቃዜው ሒሳቡን ያከብደዋል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ያለ አየር በዜሮ ዲግሪ ካለው አየር በ12 በመቶ ገደማ የታጨቀ ነው። የታጨቀ አየር ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ነዳጁም በዚያው መጠን መጨመር አለበት። የቦታ ከፍታም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሞተር በየደረጃው የሚያገኘው ኦክስጅን ይጨምራል። ከተራራ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ስኖውሞቢል ይኸው ለውጥ ይገጥመዋል። በካርቡራተር ዘመን አሽከርካሪው ለብርዱና ለከፍታው የሚስማማ የነዳጅ ቀዳዳ በእጁ መቀየር ነበረበት። የነዳጅ መርጫ ሥርዓት ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጠው።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

ኮምፒውተሩ የአየሩን ሙቀትና ግፊት፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ሙቀት፣ የነዳጅ መስጫውን የመከፈት መጠንና የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት ከሴንሰሮች ይቀበላል። ከዚያም እያንዳንዱ ኢንጀክተር ለስንት ሺሕኛ ሴኮንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ያሰላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጠነክራል። በብዙ ስኖውሞቢሎች ኮምፒውተሩ የሚያዘው የመክፈቻውን ጊዜ ነው፤ ምን ያህል ነዳጅ በእርግጥ እንደተረጨ አይለካም። በነዳጅ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ትክክል ነው ብሎ ያምናል። ፊልትሮው ቢደፈን፣ ፓምፑ ቢደክም ወይም ኢንጀክተሩ በዝቃጭ ቢጠብ፣ ኮምፒውተሩ በትክክል አዝዞ ሞተሩ ግን ነዳጅ ይጎድልበታል። የነዳጅ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ የሚረጨው መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዚህ መካከል የብልሽት መብራት ላይበራ ይችላል።

ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ምንም ስሕተት አላሳየም» ማለት «ነዳጅ በበቂ ደርሷል» ማለት አይደለም። የስሕተት ኮድ ቢገኝም የሚናገረው የትኛው የኤሌክትሪክ መስመር ከተጠበቀው ውጭ እንደሆነ እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

የተቃጠለውን ፒስተን አትጣሉ

የምርመራው የመጀመሪያ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሻሻ የሚጣለው ዕቃ ነው። ፒስተኑ፣ ካንዴላውና ሲሊንደሩ ሳይታጠቡ ፎቶ ሊነሡና በየሲሊንደሩ ቁጥር ተለይተው ሊቀመጡ ይገባል። የጉዳቱ ቦታና መልክ የተለያየ ታሪክ ይናገራል።

• የፒስተኑ ራስ መሃሉ ላይ ከተበሳ፣ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ተከማችቷል። ለሞተሩ የማይስማማ ካንዴላ፣ ካንዴላው ብልጭታ ከመስጠቱ በፊት የሚነሣ ቃጠሎ ወይም የሳሳ ድብልቅ ይጠረጠራል።

• ጠርዙ ከተበላና ገጹ አሸዋ የተረጨበት ከመሰለ፣ ዲቶኔሽን ተከስቷል። የነዳጁ ኦክቴን ማነስ፣ የብልጭታው ሰዓት መዛባት ወይም የነዳጅ መጉደል ይመረመራል።

• ጎኑ በአራት ቦታዎች ላይ ቀጥ ብሎ ከተፋቀ፣ ፒስተኑ ሲግል ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ይህ ሞተሩ ሳይሞቅ በኃይል የመንዳት ምልክት ነው።

• ዙሪያውን ሁሉ ከተፋቀ፣ የዘይት መጉደል ወይም የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ መድከም ይታሰባል።

• አየር በሚገባበት በኩል ደብዝዞና ተሞርዶ ግራጫ ከሆነ፣ ቆሻሻ ወይም አቧራ ገብቷል።

በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን አንጸባራቂ ነጥቦች ከፒስተኑ የተነሣ አሉሚኒየም ናቸው። ያልተቃጠሉት ፒስተኖችም ሊታዩ ይገባል። የሚገባው ነዳጅ በፒስተኑ ራስ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቀርሻ አጥቦ ንጹሕ ቦታ ይተዋል፤ በአንደኛው ሲሊንደር ይህ ቦታ ከሌላው እጅግ ያነሰ ከሆነ ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው ነዳጅ አንሷል ማለት ነው።

የትኛው ሲሊንደር ተቃጠለ?

ይህ ጥያቄ የፍለጋውን ቦታ ያጠባል። ሁልጊዜ ያው ሲሊንደር ከተቃጠለ፣ መንስኤው የዚያ ሲሊንደር ብቻ የሆነ ነገር ነው፦ የራሱ ኢንጀክተርና ገመዱ፣ የራሱ የአየር መግቢያ ላስቲክ፣ በእርሱ በኩል ያለው የክራንክ ሻፍት ማኅተም፣ የራሱ የዘይት ቱቦ። አንድ ጊዜ አንዱ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ከተቃጠለ ወይም ሁሉም አብረው ከተጎዱ ግን ሁሉም የሚጋሩት ነገር ይመረመራል፦ የነዳጁ ጥራት፣ ፓምፑ፣ ፊልትሮው፣ የዘይት ፓምፑ፣ ማቀዝቀዣው ወይም ለሁሉም የሚያሰላው ኮምፒውተርና ሴንሰሮቹ።

የጥያቄው ተጓዳኝ ሁኔታው ነው። ሞተሩ የተቃጠለው በረጅም የሙሉ ፍጥነት ጉዞ ላይ ከሆነ ግፊቱ በጭነት የሚወድቅ ፓምፕ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። ከረጅም ፍጥነት በኋላ የነዳጅ መስጫው በተለቀቀበት ቅጽበት ከሆነ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ወይም የዘይት እጥረት ይታሰባል። በተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከሆነ ደግሞ ያልሞቀ ሞተር።

ከነዳጅ ጋኑ እስከ ኢንጀክተሩ

ምርመራው ከጋኑ ይጀምራል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ውኃ ይስባል። ውኃው ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ተዋሕዶ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ጋኑ ታች ይወርዳል፤ ፓምፑ የሚስበውም ከዚያው ከታች ነው። በብርድ ውኃው ወደ በረዶነት ተለውጦ ፊልትሮውንና መስመሩን ይዘጋል። ኤታኖሉ ስለተለየውም የቀረው ቤንዚን ኦክቴን ይወርዳል። ከጋኑ ታች ጥቂት ነዳጅ ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሳረፍ፣ ሁለት መደብ ቢፈጥር ወዲያውኑ መልስ ይሰጣል።

ሌላው ችግር በጋ ነው። ስኖውሞቢል በዓመት ለብዙ ወራት ይቆማል። በኢንጀክተሩ ውስጥ የቀረ ነዳጅ ተንኖ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። አይጦችም በቆመው ተሽከርካሪ የአየር ማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ የሽቦ ልባስም ይበላሉ።

ከዚያ የነዳጅ ግፊቱ በመለኪያ ይታያል። ትክክለኛው ልክ በአምራቹ የጥገና መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። ልኬቱ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ብቻ መወሰዱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ደካማ ፓምፕ ለቀስታው ይበቃና ለሙሉ ፍጥነት ይጎድላል። ስለዚህ ፓምፑ በደቂቃ የሚያፈልቀው መጠንም ሊለካ ይገባል። ኢንጀክተሮቹ ወጥተው በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። የተቃጠለው ሲሊንደር ኢንጀክተር ከሌላው ያነሰ ቢረጭ ወይም ነዳጁን በጉም መልክ ከመርጨት ይልቅ በጅረት ቢያፈስ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ማንኛውም የነዳጅ መስመር ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ በመመሪያው መሠረት መልቀቅ አለበት። ሥራው የሚከናወነው ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳትና ከማሞቂያ ርቆ ነው።

ያልተጋበዘ አየር

ባለ ሁለት ምት ሞተር ድብልቁን በመጀመሪያ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል አስገብቶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ያ ክፍል አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የደረቀ የክራንክ ሻፍት ማኅተም፣ የተሰነጠቀ የመግቢያ ላስቲክ ወይም በትክክል ያልተቀመጠ ጓርኒሲዮን ኮምፒውተሩ ያላሰላውን አየር ያስገባል፤ ድብልቁም ይሳሳል።

ይህንን በዓይን ማግኘት ያዳግታል። መካኒኩ የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ይደፍንና በእጅ ፓምፕ ከግማሽ ባር ያነሰ ግፊት ሞልቶ መለኪያውን ለደቂቃዎች ይከታተላል። መርፌው ከወረደ የሳሙና ውኃ በመገጣጠሚያዎቹና በማኅተሞቹ ላይ ይቀባል፤ አረፋው ቀዳዳውን ይጠቁማል። ሙከራው ጥቂት ዋጋ ያለው መሣሪያ ብቻ ይጠይቃል፤ ሆኖም ሁለተኛው ፒስተን ከመቃጠሉ በፊት ብዙ ጊዜ ሳይደረግ የሚታለፈው እርሱ ነው። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም ከመነሣቱ በፊት ሊደገም ይገባል።

የሲሊንደር መጭመቅ ልኬትም ጠቃሚ ነው። ቁጥሩ በከፍታና በመለኪያው ዓይነት ስለሚለያይ ዋናው ነገር ንጽጽሩ ነው፤ በሲሊንደሮች መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ከታየ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲለካ የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት።

ዘይትና በረዶ

ዘይቱን የሚያደርሰው ፓምፕ በሽቦ ወይም በኤሌክትሪክ ከነዳጅ መስጫው ጋር ይተባበራል። ሽቦው አንድ ምልክት ያህል ቢዛባ ሞተሩ በየፍጥነቱ የሚያገኘው ዘይት ያንሳል። ከጥገና በኋላ በዘይት ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርም አዲሱን ፒስተን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ዘይት ሊተወው ይችላል። ለዚህም አየሩ ይወጣል፤ አንዳንድ አምራቾች ለመጀመሪያው የነዳጅ ጋን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ቀድሞ እንዲቀላቀል ያዝዛሉ። ከዚያ በኋላ የዘይቱን ፍጆታ ከነዳጁ ፍጆታ ጋር እያመዛዘኑ መመዝገብ ፓምፑ መሥራቱን ያረጋግጣል።

ማቀዝቀዣው ለሞቃት አገር አንባቢ እንቆቅልሽ የሚመስል ባሕርይ አለው። የብዙ ስኖውሞቢሎች ሙቀት የሚወጣው ከመቀመጫው ሥር በተዘረጉ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣዎች በኩል ነው፤ እነርሱን የሚያበርደው ደግሞ ሰንሰለቱ ከመሬት እያነሣ የሚረጭባቸው በረዶ ነው። በጠጣር ግግር ወይም በተጠረገ መንገድ ላይ የሚረጭ ልቅ በረዶ የለም። ስለዚህ ሞተሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ መካከል በሙቀት ሊቃጠል ይችላል። አሽከርካሪዎች ግግሩን እየፋቁ በረዶ የሚያስነሡ ተንጠልጣይ ሽቦዎችን የሚገጥሙት ለዚህ ነው።

ሴንሰር ሲዋሽ

ሴንሰሮች ሙሉ በሙሉ ሲበላሹ ኮድ ይሰጣሉ። አስቸጋሪው ግማሽ እውነት የሚናገር ሴንሰር ነው። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ሴንሰሩ ከዜሮ በላይ 20 ነው ቢል፣ በአየሩ እፍጋት ብቻ ሲሰላ ኮምፒውተሩ ከሚያስፈልገው በ14 በመቶ ገደማ ያነሰ ነዳጅ ያዝዛል። ቁጥሩ ሊኖር የሚችል ስለሆነ መብራቱ አይበራም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ተሽከርካሪው ሌሊቱን በአንድ ቦታ አድሮ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት የአየሩና የማቀዝቀዣው ሴንሰሮች የሚያሳዩት ሙቀት ተቀራራቢና ከተራ ቴርሞሜትር ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የማቀዝቀዣውን ሴንሰር አውጥቶ በበረዶ ውኃና በፈላ ውኃ ውስጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን መለካትና ከመመሪያው ሰንጠረዥ ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። የነዳጅ መስጫውን መከፈት የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ከተፈታ በኋላ ዜሮ ቦታው እንደገና መስተካከል ይፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ሞተሩ በሙሉ ስሌቱ ተሳስቶ ይሄዳል።

ብዙ ስኖውሞቢሎች ያለ ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ለኮምፒውተሩ፣ ለፓምፑና ለኢንጀክተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው። እርሱ ሲደክም ወይም ማገናኛዎቹ በእርጥበት ሲዝጉ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ፓምፑ ይቀዘቅዛል፤ ነዳጁም ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ፓምፑን መቀየር ሌላውን ምልክት መቀየር ይሆናል።

ከፋብሪካው ውጭ የተጨመረ የጭስ ማውጫ ወይም የነዳጅ ስሌቱን የሚቀይር መሣሪያ ካለ፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ተነሥቶ ሞተሩ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መመለስ አለበት።

ከሁለተኛው ጥገና በኋላ

መንስኤው ተገኝቶም ሞተሩ ሊቃጠል የሚችልበት አንድ መንገድ ይቀራል። ፒስተን ሲሰበር የአሉሚኒየም ፍርፋሪው ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ በክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች፣ በአየር መግቢያ ምላሶቹና በጭስ ማውጫ ውስጥ ይደበቃል። ላዩ ብቻ ተፈትቶ የታደሰ ሞተር ይህን ፍርፋሪ ይዞ ይነሣል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ታችኛው ክፍል ተከፍቶ መጽዳትና ኩሽኔታዎቹ መፈተሽ አለባቸው። ሥራው ወጪ ይጨምራል፤ ሆኖም ከሦስተኛ ፒስተን ይረክሳል።

አዲሱ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፍጥነቱን እያለዋወጠ፣ ረጅም የሙሉ ኃይል ጉዞ ሳይደረግበት መላመድ ይኖርበታል። በየጠዋቱም ማቀዝቀዣዎቹ በእጅ ሲነኩ እስኪሞቁ ድረስ መታገሥ ልማድ ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከመንደር ሳይርቁ፣ ከሌላ አሽከርካሪ ጋርና የሚኬድበትን አቅጣጫ ለሰው ነግሮ ቢደረጉ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የጽሑፍ መዝገብ ነው። የተቃጠለው ሲሊንደር፣ ቀኑ፣ የአየሩ ሙቀት፣ ሞተሩ በምን ፍጥነት ላይ እንደነበር፣ የተለካው ግፊትና የተቀየረው ዕቃ በአንድ ገጽ ላይ ሲሰፍሩ፣ በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው ተመሳሳይነት ጎልቶ ይወጣል። አንድ ባለቤት ሁለተኛውን የተቃጠለ ፒስተን በእጁ ሲይዝ መጠየቅ ያለበት ሦስተኛው የት እንደሚገዛ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ ያልተለካው ነገር ምን እንደነበር ነው። መልሱን የሚያገኘውም የመጀመሪያውን ፒስተን ካልጣለ ነው።